አንድ ጋዝ ስንት ቀለም ያወጣል? የፕላዝማን ቀለም እያዩ ምን እንደተፈጠረ ማወቂያ

ኤሌክትሪክ ሲያልፍባቸው አርጎን ሐምራዊ፣ ኒዮን ብርቱካናማ ቀይ፣ ናይትሮጅን ሮዝ ያበራሉ እየተባለ ይሸመደዳል፣ ከዛ ተማሪው ላብ ገብቶ ያው አርጎን ቁልጭ ያለ ሰማያዊ ሆኖ ሲያየው "ቲዩቡ ተበላሽቷል" ብሎ ይወጣል። ቲዩቡ (ጋዙ የታሸገበት የመስታወት ቱቦ) ምንም አልሆነም። ሰንጠረዡ ላይ ያለው ቀለም ለአንድ አይነት ግፊትና ለአንድ አይነት ከረንት ነው፣ እነሱን ስትነካኩ ያው ጋዝ ሌላ ቀለም ያወጣል። እዚህ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ላብ የሚውለውም፣ አዘዞ በአርጎን የሚበይደውም፣ ሰፈር ለሰፈር ፍሎረሰንት የሚቀይረው ኤሌክትሪሽያንም ይሄን ነገር በየቀኑ ያያል ግን አብዛኞቻችን ዝም ብለን ነው የምናልፈው፣ ማንበብ ለቻለ ሰው ግን ቀለሙ ራሱ መለኪያ ነው፣ ያውም በነፃ።

ቲዎሪውን ላሳጥረው። ፕላዝማ (ኤሌክትሪክ እያለፈበት የሚያበራ ጋዝ) ውስጥ ነፃ ኤሌክትሮኖች አሉ፣ ቮልቴጁ ይነዳቸዋል፣ እየሮጡ የጋዙን አቶም ይገጫሉ። ግጭቱ በቂ ጉልበት ካለው የአቶሙ ኤሌክትሮን ወደ ላይኛው እርከን ይወጣል (ኤክሳይት ሆነ እንላለን)፣ እዛ ብዙ አይቆይም፣ ሲወርድ ትርፉን ጉልበት በብርሃን መልክ ያወጣዋል። የእርከኖቹ ከፍታ ለየጋዙ የተለያየ ስለሆነ ነው ቀለም የጋዝ መታወቂያ የሚሆነው። እዚህ ድረስ ሁሉም ያውቀዋል። የሚረሳው ግማሹ ነው፦ አቶሙ የትኛው እርከን ድረስ እንደሚወጣ የሚወስነው የገጨው ኤሌክትሮን ጉልበት ነው። ሶዲየም ቢጫውን ለማውጣት 2.1 ኤሌክትሮን ቮልት (የኤሌክትሮን ጉልበት መለኪያ) ይበቃዋል። ሜርኩሪ በአይን የሚታዩትን መስመሮቹን ለማውጣት 7.7 አካባቢ ይፈልጋል። አርጎን ለቀያዮቹ ወደ 13፣ ኒዮን ደግሞ ከ18 በላይ። አንድ ጋዝ ውስጥም ቢሆን እንደዛው ነው፣ አርጎን 13 አካባቢ ከተመታ ቀይና ኢንፍራሬድ፣ 14.5 አካባቢ ከተመታ በ420 ናኖሜትር (የብርሃን ሞገድ ርዝመት መለኪያ) ዙሪያ ያሉትን ቫዮሌት መስመሮች፣ መጀመሪያ አዮን ሆኖ (አንድ ኤሌክትሮን ተነጥቆ) ከዛ በላዩ ላይ እንደገና ከተመታ ደግሞ 488 እና 514.5 ናኖሜትር ላይ ሰማያዊና አረንጓዴ ያወጣል። ስለዚህ ቀለም ተቀየረ ሲባል ቶሎ ጋዙን ከመጠርጠር በፊት "ኤሌክትሮኖቹ ምን ነካቸው?" ብላችሁ ጠይቁ፣ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህ ጥያቄ መልስ ነው።

እቤት ካለው እንጀምር። ቴስተር ካቻቢቴ የሌለው ቤት የለም መቼም። እጀታው ውስጥ ያለችው ትንሽ ብርጭቆ የኒዮን ፕላዝማ ናት፣ ሁለት ቀጫጭን ብረቶች አሏት፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተት አንድ ሁለት ሚሊሜትር ነው። ሶኬቱ ፌዝ ላይ እንደ ወትሮው ክተቱትና በስልክ ስሎው ሞሽን ቅረፁት፣ ክፍሉን አጨልሙት፣ ስልኩን በደንብ አስጠጉት። በአይን ሁለቱም ብረቶች አንድ ላይ የሚያበሩ ይመስላል፣ ቪዲዮው ላይ ግን ተራ በተራ ነው፣ አንዴ ግራው አንዴ ቀኙ፣ ምክንያቱም የእኛ መብራት 50 ኸርትዝ ስለሆነ በየግማሽ ዙሩ ኔጌቲቩ ብረት ይቀያየራል፣ ብርሃኑ ደግሞ ኔጌቲቩን ብቻ ነው የሚከበው። ኔጌቲቩ አጠገብ ቮልቴጁ በአጭር ርቀት ክፉኛ ስለሚወርድ ኤሌክትሮን ጉልበት የሚያገኘው እዛ ነው፣ የኒዮንን 18 ኤሌክትሮን ቮልት ማሟላት የሚችለውም እዛው ነው። ዲሲ ቢሆን አንዱ ብረት ብቻ ነው የሚያበራው፣ ሶላር ፓናል በሲሪየስ አያይዘው ከ100 ቮልት በላይ ለሚሰሩ ልጆች ይቺ የኔጌቲቭ መለያ ትሆናለች።

(እጀታው ውስጥ ያለችውን ሬዚስተር ግን እንዳትነኳት። በእናንተ ሰውነት የሚያልፈውን ከረንት ከአንድ ሚሊአምፔር በታች አድርጋ የያዘችው እሷ ናት። እሷን አውጥቶ "ይበልጥ ይድመቅልኝ" የሚል ሰው አይጠፋም።)

እዚችው አምፖል ውስጥ ሌላም ነገር አለ። ብዙ ጊዜ ከኒዮኑ ጋር ከአንድ ፐርሰንት የማይሞላ አርጎን ይቀላቀላል፣ ግን አርጎኑ ቀለም አይቀይርም፣ የሚቀንሰው የማብሪያ ቮልቴጁን ነው። ኒዮን 16.6 ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ተንጠልጥሎ የሚቆይበት እርከን አለው፣ አርጎንን አዮን ለማድረግ ደግሞ 15.76 ይበቃል፣ ስለዚህ የተንጠለጠለው ኒዮን አርጎኑን ሲነካው ኤሌክትሮን ይነጥቀዋል፣ በዚህ የተነሳ 90 ቮልት አካባቢ ላይ ይበራል። ለንፅፅር ያህል ተራ አየር ምንም ያህል ክፍተቱንና ግፊቱን ብታመቻቹለት ከ327 ቮልት አካባቢ በታች አይበራም፣ ይሄ የፓሸን ህግ የሚባለው ነው፣ ከ1889 ጀምሮ የሚታወቅ።

አሁን መሳሪያ እንስራ፣ በአይን ብቻ ከሄድን እንሸወዳለን። አይን የሚያየው ድምሩን ነው፣ ሮዝ የሚባል የሞገድ ርዝመት እንኳን የለም፣ ቀይና ሰማያዊ ተደምሮ ነው። የጫማ ካርቶን፣ የማይሰራ ሲዲ፣ ሁለት ምላጭ፣ ፕላስተር። ካርቶኑ አንዱ ጎን ላይ ቀዳዳ አውጡና ሁለቱን ምላጭ ፊት ለፊት አድርጋችሁ በፕላስተር ለጥፉ፣ በመካከላቸው የፀጉር ያህል ስንጥቅ ብቻ ትቅር፣ ቀጥ ያለችና እኩል የሆነች ትሁን፣ ሁሉ ነገር እሷ ላይ ነው ያለው። በተቃራኒው ጎን ሲዲውን ጋደል አድርጋችሁ አስገቡ፣ ከላይ የምታዩበት ቀዳዳ አውጡ፣ ቀስተ ደመናው እስኪታይ ድረስ ሲዲውን አዘንብሉት። የቀረውን የካርቶን ክፍተት ሁሉ በጥቁር ፕላስተር ድፈኑት። ሲዲ ላይ ያሉት መስመሮች በ1.6 ማይክሮሜትር ይራራቃሉ፣ ዲቪዲ ላይ በ0.74፣ ስለዚህ ዲቪዲ ካገኛችሁ ቀለሙን ይበልጥ ይበታትነዋል፣ ብቻ የዲቪዲው ሁለት ሽፋን እንዳይላቀቅባችሁ ስትቆርጡ ተጠንቀቁ። ፀሐይ ላይ እንዳታነጣጥሩት፣ አይን ነው።

በስልክ ካነሳችሁት ደግሞ ፕሮ ሞድ ገብታችሁ ኋይት ባላንሱንና ኤክስፖዠሩን ቆልፉ። ስልክ ዝም ብሎ ከተተወ ክፍሉ ነጭ እንዲመስል ብሎ ቀለሙን ያዛባል፣ ብርሃኑ ሲበዛበት ደግሞ የኒዮንን ቀይ መሀሉን ቢጫ አድርጎ ያወጣዋል፣ ከዛ ሁለት ፎቶ አስቀምጦ "ቀለሙ ተቀይሯል" ብሎ መከራከር ነው።

መሳሪያውን የምትሞክሩበት ቀላሉ ነገር ፍሎረሰንት ነው። 435.8 ላይ ሰማያዊ፣ 546.1 ላይ ደማቅ አረንጓዴ መስመር ታያላችሁ፣ እነዚህ ሜርኩሪ ናቸው። የሚገርመው ቲዩቡ ውስጥ በብዛት ያለው አርጎን ነው፣ ጥቂት መቶ ፓስካል (የግፊት መለኪያ) ያህል፣ ሜርኩሪው 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ እንኳን 0.8 ፓስካል ቢሆን ነው። ግን ሜርኩሪ በ4.9 ኤሌክትሮን ቮልት መነካት ይጀምራል፣ አርጎን እስከ 11.5 ድረስ ንክች አይልም፣ ስለዚህ ኤሌክትሮኑ ገና ጉልበት ማጠራቀም ሲጀምር ሜርኩሪው ይቀማዋል፣ አርጎኑ ጋ የሚደርስ ኤሌክትሮን የለም ማለት ይቻላል። አሁን ሜርኩሪው ሲያንስ ምን እንደሚሆን ገምቱ። በታህሳስ ብርድ ውጪ የተሰቀለ ፍሎረሰንት ሲበራ መጀመሪያ ፈዘዝ ብሎ ወደ ሮዝ ያደላል፣ ሜርኩሪው ቀዝቅዞ ስለሚጤዝ (20 ዲግሪ ላይ እንትፍ የምታህል 0.17 ፓስካል ገደማ ናት) ኤሌክትሮኖቹ እስከ አርጎኑ እርከን ድረስ መውጣት ይችላሉ፣ ሲሞቅ ይስተካከላል።

ለጥገና የሚጠቅመው እዚህ ነው፦ ቲዩቡ ከዳር እስከ ዳር ፈዛዛ ሮዝ ሆኖ ሰዓታት ቢቆይም ካልነጣ ሜርኩሪው በመስታወቱና በዱቄቱ ተውጦ አልቋል፣ ባላስት (ከረንቱን የሚገድበውን ክፍል) መቀየር ትርፉ ኪሳራ ነው፣ ቲዩቡን ቀይሩ። ሁለቱ ጫፎች ብቻ ብርቱካናማ ሆነው ቀርተው መሀሉ ጨለማ ከሆነ ግን ያ የፕላዝማ ቀለም አይደለም፣ የጋለ ሽቦ ነው፣ ስታርተሩ (ማስነሻው) ተጣብቋል፣ ነቅላችሁ ስታወጡት ቲዩቡ ቦግ ካለ ጨርሳችሁ አረጋገጣችሁ። የተሰበረ ቲዩብ ካለ መስኮት ክፈቱ፣ በመጥረጊያ አታቡንኑት፣ በእርጥብ ወረቀት ሰብስቡት።

ወደ ግፊት እንምጣ፣ የሚከብደው እሱ ነው። ቅዳሜ ገበያ በገበያ ቀን ልሩጥ ብትሉ ሁለት እርምጃ ሳትሄዱ ሰው ትገጫላችሁ፣ ፍጥነት የምታገኙበት ሜዳ የለም፣ ኤሌክትሮንም ግፊት ሲበዛ እንደዛ ነው። ግፊቱን ስትቀንሱ በሁለት ግጭት መሀል ያለው መንገድ ይረዝማል፣ ጉልበት ያጠራቅማል፣ ከፍ ያሉት እርከኖች መድረስ ይጀምራል። ሂሊየም ላይ ይሄ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ግፊቱ ከፍ ሲል 587.6 ናኖሜትር ላይ ያለው ቢጫ ይገንናል፣ ግፊቱ ሲወርድ 501.6 ላይ ያለው አረንጓዴ ይበረታል፣ ጋዙ ያው ሂሊየም ነው።

ቫኪዩም ላለው ላብ ተራ አየር ላይ የሚደረገውን ልንገራችሁ። የፍሪጅና የኤሲ ቴክኒሽያኖች የሚይዙት ባለ ሁለት ስቴጅ ቫኪዩም ፓምፕ ለዚህ ይበቃል፣ የፍሪጅ ኮምፕረሰር ግን አይበቃም፣ ጋዙ በደንብ የሚያበራበት ግፊት ላይ አያደርስም። ቮልቴጁ ከረንቱ ከተገደበ ሰፕላይ ይምጣ፣ ይሄ የኪሎቮልት ስራ ነው፣ ብቻችሁን አትስሩት፣ አንድ እጅ ኪስ ውስጥ አድርጎ በሌላው ብቻ መስራት የሚባለው ለቀልድ አይደለም። ፓምፑ ሲነሳ መጀመሪያ ምንም የለም፣ ከዛ ቀጭን ሐምራዊ ክር ከብረት ብረት ይዘላል፣ ይንቀጠቀጣል። ጥቂት መቶ ፓስካል ላይ ክሩ ወፍሮ ቲዩቡን ይሞላና ሮዝ ይሆናል። መቶ ፓስካል አካባቢና ከዛ በታች ሲሆን ኔጌቲቩ አጠገብ ሰማያዊ ቫዮሌት የሆነ ጉም ይለያል፣ ከሱ ቀጥሎ ጨለማ ቦታ፣ ከዛ እስከ ፖዘቲቩ ድረስ ሮዙ፣ አንዳንዴም ሮዙ እንደ ሳንቲም ድርድር ይቆራረጣል። እዚህ ጋ ቆም ብላችሁ እዩት። አንድ ቲዩብ፣ አንድ ጋዝ፣ አንድ ግፊት፣ አንድ ከረንት፣ ግን ሁለት ቀለም። ሰማያዊው 391.4 እና 427.8 ናኖሜትር ላይ ከናይትሮጅን አዮን የሚመጣ ነው፣ እሱን ለማውጣት ወደ 18.7 ኤሌክትሮን ቮልት ያስፈልጋል፣ ያን ያህል ጉልበት ያላቸው ኤሌክትሮኖች ኔጌቲቩ አጠገብ ብቻ ናቸው። ሮዙ በ7.4 አካባቢ ከሚነካው ተራ የናይትሮጅን ሞለኪውል ነው የሚጀምረው፣ ይሄን ደግሞ የደከመ ኤሌክትሮንም ይችለዋል።

ታዲያ ውጪ አየር ላይ የምናየው ስፓርክ ለምን ሮዝ አይሆንም? ክረምት ላይ ዝናብ የበላው ቆሻሻ ስኒ (ሽቦውን ከምሰሶው የሚለየው ኢንሱሌተር) ያለበት የኤሌክትሪክ መስመር ስር ማታ ከቆማችሁ የሚሰማው ፍጭጭታና የሚታየው ጭላንጭል ሐምራዊ ነው፣ ያው ናይትሮጅን ነው እኮ። እዚህ ላይ የኤሌክትሮኑ ጉልበት ብቻውን አይበቃም፣ አቶሙ ብርሃኑን እስኪያወጣ የሚሰጠው ጊዜም ይቆጠራል። ሮዙን የሚያወጣው እርከን ለመብራት ማይክሮሰከንዶች ይፈልጋል፣ ቫዮሌቱን የሚያወጣው ግን 40 ናኖሰከንድ ገደማ ይበቃዋል። በተራ አየር ግፊት ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ቶሎ ቶሎ ስለሚጋጩ ቀርፋፋው ሳያበራ ጉልበቱን በግጭት ያጣዋል፣ ፈጣኑ ግን ያመልጣል። የሰሜን ዋልታ ሰዎች የሚያዩት የሰማይ ብርሃንም በዚሁ ነው የሚደረደረው፣ የኦክስጅን ቀይ (630 ናኖሜትር) ለማብራት ሁለት ደቂቃ ገደማ ስለሚፈልግ ከ200 ኪሎሜትር በላይ ግጭት በሌለበት ብቻ ይታያል፣ አረንጓዴው (557.7) ሰከንድ ስለማይሞላ ዝቅ ብሎም ይታያል። እኛ 12 ዲግሪ ተኩል ሰሜን ኬክሮስ ላይ ሆነን ስለዚህ ከማውራት በቀር ምንም የለንም፣ ሐምሌ ላይ መብረቁ ይበቃናል። እግረ መንገዴን፣ ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባህር ጠለል ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፣ በተመሳሳይ ክፍተት ስፓርክ እዚህ ቀድሞ ይዘላል፣ ለቆላ ሀገር የተሰራ ርቀት ላይ ዝም ብላችሁ አትተማመኑ።

ከረንት ስትጨምሩ ደግሞ ሌላ ነው። ከላይ አርጎን ሰማያዊ ሆነ ያልነው ተማሪ ያየው ይሄን ነው። ከረንት ሲጨምር ኤሌክትሮኖቹ ይበዛሉ፣ ሲበዙ አንዱን አቶም በአንድ ምት ወደ ላይ ማድረስ ግዴታ አይሆንም፣ አንዱ መትቶ አዮን ያደርገዋል፣ ሌላው መጥቶ አዮኑን ይመታዋል፣ ስለዚህ የአዮኑ ሰማያዊ መስመሮች እየበረቱ ፈዛዛው ሐምራዊ ይዋጣል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፣ ከረንቱን ወደ ነበረበት መልሱት፣ ቀለሙም ከተመለሰ ጋዙ ንፁህ ነው። ካልተመለሰ ግድግዳው ወይም ብረቱ ሞቆ የሆነ ነገር ለቋል ማለት ነው።

የመንገድ መብራትም ተመልከቱ፣ ኤልኢዲ ያልገባበት ቦታ ወርቃማው ሶዲየም ገና አለ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሂደቱን ማየት ይቻላል፣ መጀመሪያ ትንሽ ይቆያል (ካልቀዘቀዘ አይነሳም)፣ ከዛ ፈዛዛ ነጭ ሰማያዊ ሆኖ ይበራል፣ ይሄ ማስነሻው ዜኖንና ሜርኩሪው ነው፣ ቀጥሎ ሶዲየሙ ሲተን ጥርት ያለ ቢጫ ይሆናል፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ወርቃማ ይሆናል። በካርቶን መሳሪያችሁ ቢጫው ጋ ስታነጣጥሩ በስተመጨረሻ 589 ላይ ደማቅ መስመር ስትጠብቁ ጥቁር ክፍተት ነው የምታገኙት፣ ግራና ቀኙ ግን ሰፋ ብሎ ያበራል። ጫፍ ላይ ያለው ቀዝቀዝ ያለ ሶዲየም መሀሉ ያወጣውን ራሱን ብርሃን መልሶ ይውጠዋል። ግፊት ቀለምን እንዴት እንደሚቀይር በነፃ የሚታይበት ቦታ ይሄን ያህል የለም።

የብየዳ አርክ ላይ ግን ቀለም አንብቡ አልላችሁም። በጥቁር መስታወት ውስጥ ሁሉም አረንጓዴ ነው የሚመስለው፣ ያለ መስታወት ደግሞ አይን ይጠፋል፣ የብረቱም ትነት ተቀላቅሎበታል። አርጎኑ በትክክል መከለሉን ከብየዳው መጥቆርና ከቀዳዳዎቹ ታውቁታላችሁ።

የቀረው ንፅህና ነው። ቲዩቡን አርጎን ሞልታችሁ ሐምራዊው ቀስ እያለ ወደ ደብዛዛ ሮዝ ከሄደ አየር እየገባ ነው፣ የናይትሮጅን ቀለም ነው። ነጣ ያለ አመድማ ሰማያዊ ከሆነ የፓምፕ ዘይት ወይም ካርቦን ያለበት ነገር ጠርጥሩ። በካርቶን መሳሪያው 656.3 ላይ ቀይ መስመር ብቅ ካለ ሃይድሮጅን ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከእርጥበት የሚመጣ፣ ክረምት ላይ ክፍት ውሎ ያደረ ቲዩብ ይሄን ያሳያል፣ እያሞቃችሁ ለረጅም ሰዓት ፓምፕ አድርጉት። ቀዳዳውን ለማግኘት አሮጌ ዘዴ አለ፦ ሮዙ እየበራ በየመገጣጠሚያው ላይ በትንሽ ብሩሽ አልኮል አስነኩ፣ ቀዳዳው ያለበት ቦታ ስትደርሱ አልኮሉ ሾልኮ ይገባና ቀለሙ ድንገት ወደ አመድማ ሰማያዊ ይቀየራል። አልኮል ከስፓርክ አጠገብ እንደሆነ አትርሱ፣ ከብረቶቹና ከሽቦው ራቅ ያሉትን መገጣጠሚያዎች ብቻ፣ ጠብታ ብቻ፣ ጠርሙሱን ከጠረጴዛው ላይ አንሱት።

ፓምፑ ጥሩ ሆኖ ግፊቱ ከአንድ ሁለት ፓስካል በታች ሲወርድ ጋዙ ይደበዝዝና መስታወቱ ራሱ አረንጓዴ ማብራት ይጀምራል። ያ የጋዝ ቀለም አይደለም፣ ኤሌክትሮኖቹ የሚገጩት አቶም አጥተው በሙሉ ጉልበታቸው ግድግዳውን እየመቱ ነው፣ ቮልቴጁ ከፍ ካለ ኤክስሬይም አብሮ ይወጣል። አረንጓዴውን ስታዩ ሰፕላዩን አጥፉት።